ሃያ ሰባተኛው እንጨት

ወረታ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ቢሻው፣

እንዴት ከርመሃል? ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ስጽፍ ፊቴን ሳታይ እንኳ ስለምታውቅብኝ ተውኩት። ውኃው ጎድሏል። በታችኛው ማሳ ያለውን ሩዝ «ይበሰብሳል፣ ተስፋ ቁረጥ» ብለኸኝ አልነበር? አልበሰበሰም፤ ዛላ አውጥቷል። ትምህርት ቤት ዘግይቶ ተከፈተ። አሥረኛ ክፍል ገብቼ ያንተን የድሮ ፊዚክስ መጽሐፍ ነው የያዝኩት። ጠርዙ ላይ የሣልካቸውን ጢማም ሰዎች ላጠፋ ላጲስ አንስቼ እጄ እምቢ አለኝ።

አርባህ ከትናንት ወዲያ ወጣ። ቄስ ዓለምብርሃን ጸሎቱን አደረሱ፣ ጎረቤቱ በላ፣ ጠጣ። ያንተ ክበብም መጣ። የበጎ አድራጎት ክበቡ ልጆች ያንን አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው በድንኳኑ ጥግ ተደርድረው ቆሙ። «ለሰው ሲል ሞተ» አሉ። እማዬ አንድ በአንድ ሳመቻቸው። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜህን ወሰዱ። አንተ የሰው ምንጭ ስትጠርግ፣ የአሮጊት ጣራ ስትከድን፣ እኔ ብቻዬን ሩዝ ሳርም ዋልኩ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለዚያ ማሳ ያለነው ሁለት ነበርን። አሁን ደግሞ አንተን ጨርሰው ሊያመሰግኑን መጡ።

ጸሐፊያችሁን ትርሲትን አላየኋትም። ከተማውን ለቃ አንበሳሜ አክስቷ ዘንድ ገብታለች አሉ። ምን እንደሚሏት ልንገርህ።

በየሰኔው ከአስፋልቱ እስከ ቁሐር ሚካኤል የምትተክሏቸው፣ አናታቸውን ኖራ የምትቀቧቸው አርባ አንድ እንጨቶች አሉ አይደል? ውኃ ሜዳውን ሲሸፍነው ሰው መንገዱን የሚያገኘው በእነሱ ነው። ያን ቅዳሜ ጠዋት እማሆይ ታይቱን ከጎጇቸው አውጥታችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ልታስቀምጡ ስትሄዱ፣ ቆጣሪዋ እሷ ነበረች። «አርባ አንድ፣ ሙሉ» ብላ ጻፈች። አንተ ለእማሆይ ብርድ ልብስ ከቤት ላምጣ ብለህ ቀድመህ ብቻህን ስትመለስ ግን፣ ከማሳችን ራስጌ መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ፣ ሃያ ሰባተኛው እንጨት አልነበረም። ቀጥ ብለህ ወደሚቀጥለው ሄድክ። መካከሉ አሮጌው ወንዝ የተወው ጉድጓድ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ፣ «እንጨቱ ጠዋትም አልነበረም፤ ሳትቆጥር ነው የጻፈችው» ይላል።

ጠዋት ነበረ፣ ቢሻው። እኔ ነቀልኩት።

ጥጃዋ ችካሏን ነቅላ ወደ ውኃው ሮጠች። ታውቀው የለ፣ በክረምት አፈሩ ገንፎ ነው፤ አጭር ችካል አይዝም። የእናንተ እንጨት ደግሞ ረጅም ነው፣ ቅርብም ነው። ጥጃዋን እስክትረጋጋ ልሰርበትና መልሼ እተክለዋለሁ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ? ስነቅለው ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር። «የሰው መንገድ ከምታበጅ የቤትህን ጥጃ ጠብቅ» እያልኩ በሆዴ ነው የነቀልኩት። ከዚያ ገብቼ ቁርስ በላሁ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ እንጨቱን ፈለጥኩት። ለለቅሶህ ለመጣው ሰው ወጥ የተሠራው በሱ ነው። እርጥብ ስለነበር በጣም አጨሰ።

ይህን የሚያውቅ የለም። አንተ ብቻ ነህ።

ገበያው


ወረታ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርሲት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን የመኪና ረዳቱ አምጥቶ ሰጠኝ። አክስትሽ ስልክሽን እንደያዙብሽ አላወቅሁም ነበር። ለኔ ተሻለኝ፤ በስልክ ብትጠይቂኝ ወዲያው እዘጋው ነበር። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

እማዬ አትረግምሽም። ስምሽ ሲነሳ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ከእርግማን ይሻል እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ለራሴም ተቸግሬያለሁ። የክበቡ ሰሌዳ ላይ ስምሽ ስለ መኖሩ ለጠየቅሽኝ፣ የለም። በቦታሽ ሉቃስ ተጽፏል። መምህር እንዳልካቸው አላጠፉትም፤ እንዲያውም ክበቡን የምመራው እኔ ነኝ፣ ጥፋት ካለ የኔ ነው ይላሉ። ልጆቹ ናቸው በእርሳስ ላጲስ ያጠፉት፤ አሻራው አሁንም ይነበባል። መምህር «ተመልሳ ከመጣች አሥራ ሁለተኛ ክፍል እናስገባታለን» ብለዋል።

«ያን ቀን ከቤት ስትወጣ ምን አየህ?» ብለሻል። ከብት ስጠብቅ ነበር። ምንም አላየሁም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ምን ትሰጡት ነበር? ከልቤ ነው የምጠይቅሽ። ቤት ውስጥ ውኃ ቅዳ ሲባል የሚያኮርፍ ልጅ፣ ቅዳሜ ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነስቶ የማያውቀውን ሰው ጉድጓድ ሊቆፍር ይሮጥ ነበር። ማታ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየዘፈነ ይመጣል። እኔ እንደሱ ደክሜ እየዘፈንኩ ገብቼ አላውቅም። ደመወዝ የለው፣ ነጥብ የለው፣ ሰርተፊኬቱን እንኳ እማዬ ከሰል ጠቅልላበታለች። ሰው በነጻ ሲደክም ምኑ ነው የሚያስደስተው? ካወቅሽው ንገሪኝ። ካላወቅሽው ግን ወንድሜን በምን እንደወሰዳችሁት አታውቁም ማለት ነው።

ገበያው


አንበሳሜ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገበያው፣

በደብዳቤህ አልተቀየምኩም። እንዲያውም የሚሰድበኝ ሰው ሲጽፍልኝ ከሚያዝንልኝ ይሻለኛል።

ምንም አልሰጠነውም። መጀመሪያ የገባው ለቲሸርቱ ነው። ይህን ነግሮህ አያውቅም አይደል? ዘጠነኛ ክፍል ሳለን መምህር እንዳልካቸው «ለምን መግባት ፈለግህ?» ሲሉን፣ እኛ ስለ አገርና ስለ ወገን ስንተርክ እሱ «ሸሚዜ አልቋል» አላቸው። እስኪያስለን ሳቅን። እሳቸውም ሳቁና ጻፉት።

ለምን እንደቆየ ግን አውቃለሁ። ቁሐር ሚካኤል ውስጥ አቶ እንግዳው የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በመጀመሪያው ዓመት እንጨት ልንተክል ስንሄድ «መሬት ልትለኩ ነው የመጣችሁ!» ብለው ውሻ ለቀቁብን። የቢሻው ሱሪ ከጉልበቱ በታች ቀረ። በዚያው ክረምት ምራታቸውን ምጥ ያዛት፤ በቃሬዛ ተሸክመው ያወጧት እንጨቶቹን እያዩ ነው። በዓመቱ ስንሄድ ሽማግሌው ንፍሮ ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል።

«ያ ሱሪው የተቀደደው የታለ?» አሉ።

«አለሁ አባ» አለ ቢሻው።

«ና፣ ውሻው ይቅርታ ይጠይቅህ።»

ውሻውን በእውነት አንገቱን ይዘው አመጡት! ቢሻው ደግሞ ኮስተር ብሎ «ለዛሬ ምሬሃለሁ» አለው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር እንጨቶቹን በቁጥር የሚጠራቸው የለም፤ በተካያቸው ነው የሚጠሯቸው። «ከሉቃስ እንጨት ወዲህ ያለው ማሳ» ይላሉ። ሃያ ሰባተኛው የቢሻው ነበር። አየህ፣ የማታውቀው ሰው፣ ከነሸክሙ፣ ከነልጁ፣ አንተ የተከልከውን አምኖ እግሩን በማያየው ነገር ላይ ያሳርፋል። የምናገኘው ይኸንኑ ነው። አንዴ ከቀመስከው ቅዳሜ እስኪደርስ ትቸኩላለህ።

ለኔ ሌላም ነበረው። ሒሳብ ላይ ከክፍል መጨረሻ እንደምወጣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። «እሷ ትቁጠር» ያለው ቢሻው ነው። ሁሉም ሲስቁ «ትርሲት ራሷን ስለማታምን ሦስት ጊዜ ትቆጥራለች፤ እናንተ አንድ ጊዜ ቆጥራችሁ ትኮራላችሁ» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕይወቴ በትክክል የምሠራው አንድ ነገር ነበረኝ። ያን ቀንም ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አክስቴ ሱቅ ውስጥ ሳሙና ስደረድር ሃያ ስድስት ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። አክስቴ «ምነው ልጄ፣ ሳሙናው ነከሰሽ?» ትለኛለች።

ክበቡ ስለ እንጨቱ በጠራው ስብሰባ ላይ «ተሳስቼ ይሆናል» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሁሉም ሲያዩኝ ሌላ የሚባል ነገር አጣሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ምናልባት ቆጥሬ ካለፍኩ በኋላ ውኃው ነቅሎት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ሜዳው ሲደርቅ አንድ ቦታ ወድቆ ይገኛል። አናቱ ኖራ ነው፤ ወገቡ ላይ ሃያ ሰባት ተብሎ በቢላ ተቀርጿል። አጨዳ ላይ ስትሆን ዓይንህን ጣል አድርግልኝ። እሱ ከተገኘ ወረታ እመለሳለሁ፣ ትምህርቴንም እቀጥላለሁ። ካልተገኘ በምን ፊቴ?

ትርሲት


ወረታ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትርሲት፣

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልጻፍኩልሽ በአጨዳው ምክንያት ነው። ደህና ነሽ?

ፈልጌዋለሁ። አላገኘሁትም።

ሌላ ወሬ ልንገርሽ። ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ክበቡ የእኛን ሩዝ ሊያጭድ መጣ። አልጠራኋቸውም። እማዬም አልጠራቻቸውም። ሠላሳ ልጅ ማጭድ ይዞ ማሳው ዳር ሲቆም ልክ እንደ ዘመቻ ነው የሚመስለው። ግማሾቹ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ማጭድ ከየት በኩል እንደሚስል አያውቁም። ብርክቲ የምትባለው አዲሷ ልጅ እያንዳንዷን ዘለላ እያነሳች ስትቆርጥ ሉቃስ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሩዝ እያጨድሽ ነው ወይስ ጸጉር እየቆረጥሽ?» አላት። «ያንተን ጸጉር ቢሆን ድሮ ጨርሼው ነበር፣ መላጣ ልትሆን ሁለት ዛላ ነው የቀረህ» አለችው። እኔም ሳቅሁ። ሳላስበው ነው የሳቅሁት። ድምፄን ራሴ ስሰማው ደነገጥኩ።

እኔ ለብቻዬ በሳምንት የማልጨርሰው ማሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተራቆተ። እማሆይ ታይቱ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ከቁሐር ድረስ መጥተው ነዶው አጠገብ ተቀመጡ። እጄን ይዘው፣ «ወንድምህ ሲሸከመኝ 'እማሆይ፣ እርስዎ እኮ ከአንድ ቁና ጤፍ ይቀላሉ፤ ሲጾሙ ነው የከረሙት?' እያለ ያስቀኝ ነበር። እኔ ክፉዋ አሮጊት፣ ብርድ ልብስ ባልል ኖሮ…» አሉና አለቀሱ። እኔ ምን ልበላቸው? «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው። ይህ ብቻ ነው በዚያ ቀን የተናገርኩት እውነት።

ከዚያ መምህር እንዳልካቸው ቲሸርት ይዘው መጡ። «ቦታው ያንተ ነው። በሚመጣው ሰኔ ከማጠፊያው ያለውን አንተ እንድትተክል ልጆቹ ወስነዋል» አሉኝ። እማዬ ታየኝ ነበር። ካባታችን ሞት ወዲህ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ለበስኩት፣ ትርሲት። ልጆቹ ትከሻዬን መቱኝ። እስኪመሽ ከእነሱ ጋር የሰፈሩን አሮጊቶች ነዶ ሳጓጉዝ ቆየሁ፤ አንዷ «ተባረክ የኔ ልጅ» ስትለኝ ደረቴ ሞቀ። ያልሽው ነገር እሱ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። ሁለት ሰዓት ያህል ሁሉን ረሳሁ። እቤት ስደርስ አወለቅሁትና ከአልጋ ሥር ወረወርኩት።

ስለ እንጨቱ ከእንግዲህ አትጠይቂኝ።

ገበያው


አንበሳሜ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ገበያው፣

ቲሸርቱን በመልበስህ ደስ ብሎኛል። መወርወርህ ሐዘን ነው፤ ይለቅሃል። እኔንም እንደዚያ ያደርገኝ ነበር።

ስለ ሌላው አልጠይቅህም። አልተገኘም ማለት ውኃ አልነቀለውም ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋትም አልነበረም። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት ጊዜ ተሳስቻለሁ። እንዲህ ብዬ ስቀበለው እንዲያውም ቀለለኝ። አክስቴ ሱቁን ሙሉ በሙሉ ልትተውልኝ ነው፤ ትምህርቱን ትቻለሁ። ባለፈው ማክሰኞ የወረታ ሴት ለገበያ መጥታ አየችኝና ለጓደኛዋ «ይቺ ናት ቆጣሪዋ» አለቻት። ስኳሩን መዝኜ ሰጠኋት። ደግማ በሌላ ሱቅ አስመዘነችው።

ከዚህ ጋር ለእናትህ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ወረቀት አለ። ፊደል እንደማይቆጥሩ ቢሻው ነግሮኛል፤ አንተ አንብብላቸው። ሳትዘል አንብብ። ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው አልፈልግም።

ትርሲት


ወረታ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትርሲት፣

ይህን ደብዳቤ ከመጨረስሽ በፊት አክስትሽን አጠገብሽ አስቀምጪያቸው፤ እሳቸውም ይስሙት። በትክክል ቆጥረሻል። ሦስት ጊዜም ትክክል ነበርሽ። ሃያ ሰባተኛውን እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ እናንተ ወደ ቁሐር ካለፋችሁ በኋላ፣ ለጥጃ ችካል። ስትለምኚኝም አልፈለግሁትም። ፈልጬ አንድጄዋለሁ። «ምንም አላየሁም» ያልኩሽም፣ «አላገኘሁትም» ያልኩሽም ውሸት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አራት ወር ሙሉ የኔን ተሸክመሽ ከቆየሽ በኋላ ሌላ ነገር መጠየቅ አሳፈረኝ።

ወረቀትሽን በሚካኤል ዕለት እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አነበብኩላት። ግቢ ውስጥ ሩዝ እያበጠረች ነበር። «እናቴ ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ምነው ቆምክ? ቀጥል እንጂ» አለች።

«እሷ አይደለችም።»

«ምን አልክ?»

«እሷ አይደለችም፣ እማዬ። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሳላሳጥር፣ ስነቅለው ደስ ብሎኝ እንደነበር ጭምር። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያ ያጨሰው ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ እፍ እያልኩ ያነደድኩት» አለች።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋንና ጥቂት በሶ ይዛ ጣራ ገዳም ሱባኤ ልትገባ ሄደች። እስከ መናኸሪያ ልሸኛት ስነሳ በእጇ አስቆመችኝ። «አልረግምህም። አንተም የሆዴ ፍሬ ነህ። ግን ለጊዜው ፊትህን ማየት አቅቶኛል። ከብቶቹን አደራ» አለችኝ። መቼ እንደምትመለስ አልነገረችኝም። ወረቀትሽን ግን ይዛው ሄዳለች፤ በደረቷ ከትታው አየሁ። የሚያነብላት አታጣም።

ስለ ትምህርትሽ አስቢበት። መምህር እንዳልካቸው የሚልኩልሽ ደብዳቤ በዚሁ መኪና ይመጣል።

እንግዲህ ትናንት ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ብቻዬን ነጋልኝ። ሽሮ ሠራሁ፤ ጎረናና፣ ቆሜ በላሁት። ጥጃዋን ወደ እናቷ ለቀቅሁ፣ በረቱን ጠረግሁ፣ በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን የምሰጠው ሰው ስላልነበረ ኪሴ ከተትኩት። ቲሸርቱን በፌስታል ይዤ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ሰልፍ ገና አልተጀመረም። መምህርን ፈልጌ ቲሸርቱን ሰጠኋቸውና፣ «ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ነገር ልናገር» አልኳቸው። ክበቡን ስለ ቢሻው የማመሰግን መሰላቸው፤ «ጎበዝ፣ በርታ» አሉኝ።

ወጣሁ። ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ያልኩት ይኸው ነው፤ ቃሌን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። «ትርሲት አርባ አንድ ብላ የጻፈችው ትክክል ነው። እሷ ካለፈች በኋላ እንጨቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ የሞተው በኔ ነው። ስሟን መልሱላት።»

ማንም አልጮኸም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መምህር ፌስታሉን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ። ከሰልፉ መሐል ሉቃስ ብቻ፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ትሠራ ነበር?» አለኝ።

ደወል ተደወለ። ክፍል ገባሁ። አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ደብተሮቹን ሰብስቦ የኋላ ወንበር ላይ ሄደ። መምህሯ ስም መጥራት ጀመሩ። የኔ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ክፍሉ ሁሉ ዞረ።

«አለሁ» አልኩ።

ገበያው